ሻካራው ጠብታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ላቦራቶሪው በረንዳ ላይ ወንበር ደርድረው ሸኙኝ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፤ ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ ተነሥታ ንግግር አደረገች። «ወይዘሮ ወይንሸት እዚህ በሠሩበት ዘመን ሁሉ አንድም የተሳሳተ ውጤት ከእጃቸው አልወጣም» አለች። ሰው አጨበጨበ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ።

ልጅቷ አልዋሸችም፤ የነገሯትን ነው የተናገረችው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥኩ። ከእጄ ስለወጣው ስሕተት የሚያውቁት ሰዎች ወይ ሞተዋል፣ ወይ ከተማውን ለቀዋል። እኔም ካልተናገርኩ እንዳልነበረ ሆኖ ሊቀር ነው። ስለዚህ የማስታውሰውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ነው። በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት እንደተመረቅኩ የመጀመሪያ ምድቤ ሚኤሶ ጤና ጣቢያ ሆነ። ብቻዬን ነበርኩ። የነበረኝ አንድ ማይክሮስኮፕ ነው፤ እሱም መብራት ስለሌለው በመስተዋቱ የፀሐይ ብርሃን እያነሣሁ ነበር የማየው። ደመና የሆነ ቀን ሥራ የለም። ወባና የሆድ ትል ማየት እዚያ ለመድኩ። የሚሠራ ፍሪጅ ስላልነበረ ግን ደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ የሚፈለግበትን ምርመራ ከትምህርት ቤት ወዲህ በእጄ አልነካሁትም። ብዙ ደብዳቤና ብዙ ማሕተም ከተመላለሰ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ተዛወርኩና አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ይኸው የአንቲቦዲ ምርመራ የሚሠራበት ሴሮሎጂ ክፍል ተመደብኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ የደም ማጣሪያ ሴንትሪፉጅ። እና አለቃዬ ጋሼ ዘውዴ።

ጋሼ ዘውዴ ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ቀጭን፣ ጋዋናቸውን በዚያ ሙቀት እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀኔን ጓጉቼ ስገባ የሰጡኝ ሥራ ጠብታ መቁጠር ነበር።

«ከዚህ ማንጠባጠቢያ መርፌ አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ ይወጣዋል? ቁጠሪ» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ሃምሳ አራት መጣ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። አሁንም ሃምሳ አራት።

«ስልሳ መሆን አለበት። ይሄ መርፌ ጠብታው ወፍሯል። የወፈረ ጠብታ ይዋሻል» አሉና መርፌውን ወደ ቆሻሻ ጣሉት። ሌላ አወጡ፤ እሱንም አስቆጠሩኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ አለፈ። ልቤ ደግሞ ሰውየው ሊያዋርዱኝ ነው የሚል ቁጣ ይዞ ነበር።

ሥራችን በአብዛኛው የነፍሰ ጡር ሴቶችን ደም ለቂጥኝ መመርመር ነበር። ምርመራው ሲያዩት ቀላል ነው። በሽታው የገባበት ሰው ደሙ ውስጥ በሽታውን የሚዋጋ አንቲቦዲ ያዘጋጃል። እኛ ከጠርሙስ የምናንጠባጥበው አንቲጂን ደግሞ ያ አንቲቦዲ የሚይዘው ነገር ነው። ሁለቱ ሲያያዙ ለዓይን እንዲታዩ አንቲጂኑ ውስጥ የላመ የከሰል ዱቄት ተጨምሮበታል። ነጭ ካርድ ላይ በተሠራው ክብ ውስጥ አንድ ጠብታ ሴረም፣ ከደሙ የተጣራውን ፈሳሽ፣ ታደርጊያለሽ፤ በላዩ አንድ ጠብታ አንቲጂን፤ ስምንት ደቂቃ ካርዱ ይዞራል። አንቲቦዲ ካለ ከሰሉ ተሰብስቦ ጥቁር ነጠብጣብ ይሠራል። ከሌለ ጠብታው እንደተበጠበጠ ልስልስ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

የድሬዳዋ ሙቀት የዚህ ሥራ ጠላት ነው። ክፍሉ ከሃያ ዘጠኝ ዲግሪ ካለፈ ውጤቱ አይታመንም። ስለዚህ ጋሼ ዘውዴ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ይገቡ ነበር፤ እኔም አብሬ። ቴርሞሜትሩን ሳያዩ ወንበር አይስቡም። ካርዱ ሲዞር ቬንትሌተሩን ያጠፉታል፤ ነፋሱ ጠብታውን ያደርቀዋል። እነዚያን ስምንት ደቂቃዎች ላባችን በጀርባችን እየወረደ ቆመን እንጠብቃለን። የሕመምተኛ ደም ከመንካታቸው በፊት በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት አስቀድሞ የታወቀ ሴረም ሠርተው አንቲጂኑን ይፈትኑታል። ሲያነቡ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርገው አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባሉ፤ የጻፉትን በወረቀት ሸፍነው ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ያነባሉ። ሁለቱ ካልገጠሙ እንደ አዲስ ይጀመራል።

አንድ ቀን ካርድ ላይ አንዱን ጠብታ አሳዩኝ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ኔጌቲቭ ነው፤ ከሰሉ አልተሰበሰበም።»

«ልስልስ ነው?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ነጠብጣብ የለውም፤ ግን ልስልስም አይደለም። ዳር ዳሩ ላይ ያልላመ ዱቄት የመሰለ ነገር አለው። «ትንሽ ሻካራ ነው» አልኳቸው።

«እንዲህ ያለውን ፍሪው» አሉ። በጨው ውኃ አቅጥነው ሲሠሩት ከሰሉ ዓይኔ እያየ ተሰበሰበ። ደነገጥኩ። ቀጥኖ እንዴት ይብሳል?

ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አንቲቦዲ ሁለት እጅ አለው በይ። በአንዱ አንድ የከሰል ፍሬ፣ በሌላው ሌላ ፍሬ ሲይዝ ነው ፍሬዎቹ የሚሰበሰቡት። ከመጠን በላይ ሲበዛስ? እያንዳንዱን ፍሬ ብዙ እጅ ይሻማበታል፤ ሁሉም በአንድ እጁ እንደያዘ ይቀራል፤ ሁለት የሚያገናኝ ይጠፋል። በሽታው የበረታባት ሴት ጤነኛ መስላ የምታልፍሽ እንዲህ ነው። ሻካራ ካየሽ አቅጥነሽ ድገሚ። ሰው ቢቸኩልም፣ ቢሰድብሽም።»

ይህን የነገሩኝ አጥርተው ነው። አልተነገረኝም ማለት አልችልም።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ፣ በክረምቱ፣ ደጋው ላይ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጠዋት የደቻቱን ወንዝ ሞላው። የጋሼ ዘውዴ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ጎርፉ እስኪጎድል ሰው እንዳይሻገር ተከለከለ። እኔ ከወዲህ ስለሆንኩ ብቻዬን ገባሁ፤ እኔም ብሆን ዘግይቼ ነበር። የጤና ሠራተኞች ከገጠር ቀበሌዎች ሰብስበው ያመጧቸው ነፍሰ ጡሮች አግዳሚው ላይ ሞልተዋል። ደም ቀድቼ፣ አጣርቼ፣ ካርዱን እስክሠራ ሙቀቱ ወደ ሃያ ዘጠኝ ተጠግቷል።

ከሴቶቹ አንዷ ሰዓዳ ትባላለች። ከቢዮ አዋሌ ነው የመጣችው፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር። አማርኛዋን ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ስትሸጥ የለመደችው ነው። ክንዷን ስታቀርብልኝ፣ «ሁለት ሞተውብኛል» አለችኝ። «የባሌ እናት ሾተላይ አለብሽ ትለኛለች። ደሙ ይናገራል?»

«የሚናገረውን እናያለን» አልኳት።

ካርዱ ዞሮ ቆመ። ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። ሌሎቹ ልስልስ ናቸው። የእሷ ክብ ዳሩ ሻካራ ነው። አየሁት። አልመሰለኝም ወይም አልታየኝም አልልም፤ ዓይኔ እዚያ ላይ ቆሟል። ልክ ያኔ ሰዓዳ በመስኮቱ በኩል ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች።

«አቦ ቶሎ በይ! መኪናችን ሊሄድ ነው፤ ዋላሂ ጥሎን ይሄዳል።»

ከኋላዋ ሌሎቹም ተነሥተው ቆመዋል። አቅጥኜ ልድገም ብል ሌላ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከልኩ ያልፋል፤ ከዚያ ነገ ተመለሱ ልላቸው ነው። ሴቶቹ ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ናቸው። ሙቀቱ ነው ያሻከረው አልኩ ለራሴ። ወረቀቱ ላይ ኔጌቲቭ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሰዓዳ ወረቀቱን ተቀብላ ግንባሯ ላይ ነካ አድርጋው እየሮጠች ሄደች።

ጋሼ ዘውዴ ጎርፉ ጎድሎ ከሰዓት ደረሱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። መዝገቡን ገልብጠው አዩና፣ «ያስቸገረሽ ጠብታ ነበር?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

የተረፈው ሴረም ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ልድገመው ብል በማግሥቱ ጠዋት መድገም እችል ነበር፤ ሰው ልኮ ማስጠራትም ይቻል ነበር። አንዴ የለም ካልኩ በኋላ ግን ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር ያቺን ቲዩብ እያየሁ ሌላ ነገር አነሣለሁ። በሳምንቱ እንደ ደንቡ ተጣለች። እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ከሦስት ወር በኋላ አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ሙና አንድ ቲዩብ ደም ይዛ ወደ ክፍላችን መጣች። እሷ ስትስቅ እንጂ ስትቆጣ አይተናት አናውቅም፤ ያን ቀን ግን ፊቷ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ይሄን አሁን ይሥሩልኝ። ትናንት የወለደች ናት። ሕፃኑ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ተልጧል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ሐኪሙ ቂጥኝ ነው አለ። የምርመራ ወረቀቷ ላይ ግን ኔጌቲቭ ይላል።»

ስሟን አላነበብኩም። ማንበብ አላስፈለገኝም።

ጋሼ ዘውዴ ሠሩት። ሳይቀጥን ያው ሻካራ ግራጫ። አንድ ጊዜ አቀጠኑት፤ ከሰሉ ተሰበሰበ። እጥፍ አቀጠኑት፤ ተሰበሰበ። እንደገና፣ እንደገና። ካርዱ ላይ ክብ እስኪያልቅ ድረስ ተሰበሰበ። ቬንትሌተሩን መልሰው አበሩት። መዝገቡን ወደ ኋላ ገልብጠው ስሟንና ፊርማዬን አገኙ። ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ያኔም ሻካራ ነበር?»

«ነበር።»

«አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

ብዕራቸውን አውጥተው በድሮው ውጤት ጎን፣ «ስሕተት፤ ሳይቀጥን የተነበበ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ከእሳቸው ስም በታች ባዶ ቦታ ትተው መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት። ፈረምኩ።

የዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ ሁለታችንንም ጠራን። «ሐኪሙ ሕክምናውን ጀምሯል። ማንም አልከሰሰን። ይሄን መዝገብ ላይ መጻፍ ለምን አስፈለገ?» አለ።

«ከእኛ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው እንዲያነበው» አሉ ጋሼ ዘውዴ። ኃላፊው ትከሻውን ነቀነቀ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤው ምንም አላመመኝም።

ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ወንድ ነበር።

ጋሼ ዘውዴ ከኃላፊው ቢሮ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር የነገሩኝ። «ለእናትየው አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ሲስተር ሙና አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም።»

«ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ?»

«እንደሆነው።»

ልጁ ከሞተ በኋላ ሲስተር ሙና አብራኝ ወደ ሰዓዳ ገባች። ሰዓዳ ግድግዳው ጥግ ያለው አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታ ነበር። ጡቷ ወተት ይዞ ልብሷን አርሶታል። አወቀችኝ፤ ቀና ለማለት ሞከረች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰዓዳ፣ ሾተላይ አይደለም» አልኳት። «ደምሽ ውስጥ ያለ በሽታ ነው። የሞቱብሽ ልጆች ሁሉ በእሱ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒት ነበረው።»

«ነበረው?» አለች። ከተናገርኩት ሁሉ ያችን ቃል ነው የያዘችው።

«አሁንም አለው፤ መርፌ ጀምረሽ የለ? ግን የዛን ቀን፣ ደም የሰጠሽኝ ቀን፣ ቢሰጥሽ ኖሮ ለልጁም ይደርስለት ነበር። ደምሽ ምልክት አሳይቶኝ ነበር። አይቼው አለፍኩት። ኔጌቲቭ ብዬ ጻፍኩ።»

ጣሪያውን አየች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ትመታኛለችም ብዬ ጠበቅኩ። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«መኪና ይሄዳል ብዬ ስላስቸኮልኩሽ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «አይደለም ሰዓዳ፣ አንቺ አይደለሽም።» ደጋግሜ አልኩት። ሲስተር ሙና ትከሻዬን ይዛ እስክታስነሣኝ ድረስ አልኩት። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ። ሲስተር ሙና አስጠርታው እሱም መርፌውን መውሰድ እንዳለበት ነገረችው። መርፌውን ወጋችው፤ እሱም ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ሰዓዳን እንደፈታት ሰማን። በሽታውን ያመጣችብኝ እሷ ናት ብሎ ለሽማግሌዎች እንደተናገረም ሰማን። ሾተላይ የተባለችው ሴት አሁን ሌላ ስም ወጣላት። ሄጄ ለሽማግሌዎቹ እንዳልናገር የሰውን ምርመራ አደባባይ ማውጣት ክልክል ነው። ዝም አልኩ፤ ያ ዝምታ ግን ትክክል ነበር ይላሉ። ትክክል ሆኖም አላቀለለኝም።

ጋሼ ዘውዴ ለአንድ ወር ካርድ እንዳነብ አልፈቀዱልኝም። ቲዩብ አጠብኩ፣ መርፌ ቆጠርኩ። ስለ ጉዳዩ ያነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ጠብታውን በማለፍሽ አልፈርድብሽም፤ ሙቀቱም ሰዉም ነበር» አሉኝ። «ስጠይቅሽ የለም ያልሽኝ ግን ፍሪጁ ገና ሴረሙን ይዞ ሳለ ነው።» ከዚያ ካርዱን መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሻካራ ነገር ባየሁ ቁጥር አቀጠንኩ። ሻካራ ያልሆነውንም አንዳንዴ አቀጠንኩ። አንቲጂን ታባክናለች ተብዬ ተከስሻለሁ። ሰው ጥንቃቄዬን ያደንቅ ነበር፤ እኔ ግን እጄን ማመን አቅቶኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

የጋሼ ዘውዴ ዓይን ቀስ እያለ ደከመ። መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ይጠጉ ጀመር። በኋላ ካርዱን ለእኔ ሰጥተው፣ «ምን ይልሻል?» ይሉኛል፤ የሚጠይቁኝ ማየት ስላልሆነላቸው እንደሆነ ገባኝ። አንድ ጠዋት ጋዋናቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና፣ «ከዛሬ ጀምሮ አላነብም» አሉ። ማንም ሳያባርራቸው ነው። ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። ለቅሶው ላይ ስለ እሳቸው ምን እንደምናገር ስላላወቅኩ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ብቻ ተመለስኩ።

ሰዓዳ የተመለሰችው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ያኔ ክፍሉን የምመራው እኔ ነኝ፤ ኤሲ ገብቷል፣ ሐና የምትባል ጎበዝ ቴክኒሻን ደግሞ አብራኝ ትሠራለች። ደም መቅጃው መስኮት ላይ ወረቀት ተቀብዬ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ቆማለች። ከስታለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ሌላ አግብታ እዚሁ ከተማ እንደምትኖር በኋላ ሰማሁ።

አየችኝ። ወረቀቷን መልሳ ከእጄ ወሰደችና ዞራ ወደ በሩ ሄደች። ጓንቴን ሳላወልቅ ተከትዬ ወጣሁ፤ ግቢው በር አጠገብ ባጃጅ ስታቆም ደረስኩባት።

«ሰዓዳ፣ አትሂጂ። ሳትመረመሪ አትሂጂ፤ ስለ ልጁ።»

ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ መሬት መሬት እያየች፣ «ሌላ ሰው የለም?» አለች።

«አለ።»

«ደሜን አንቺ አትንኪው።»

«አልነካውም።»

መልሼ ይዣት ገባሁና ለሐና አስረከብኳት። ሐና ምንም አታውቅም፤ «አቅጥነሽ ሥሪው» ብቻ አልኳት። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። በራሴ ክፍል በር ላይ፣ ሴረሙ እስኪጣራ፣ ካርዱ እስኪዞር፣ እስኪነበብ ድረስ ቆምኩ። ሐና በሩን ከፍታ ውጤቱን አሳየችኝ፤ የቀረ ደካማ ምልክት አለ፤ ሐኪሙ ለጥንቃቄ መርፌው ይደገምላት አለ። ሁለተኛ ፈራሚ እንዲሆን ሌላ ባለሙያ ከደም ባንኩ አስመጣሁ። ሰዓዳ ወረቀቷን ይዛ በአጠገቤ አለፈች። ሰላም አላለችኝም፤ ልክ ነበረች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሲስተር ሙና በኮሪደሩ እየሮጠች መጥታ፣ «ያቺ የቢዮ አዋሌዋ ሴት ወለደች! ሴት ልጅ፣ ደህና ናት፣ ጡት ይዛለች» አለችኝ። ቆሜ ጋዋኔን አስተካከልኩና ወደ ማዋለጃው ክፍል ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶና የሰዓዳ ድምፅ ይሰማል፤ በኦሮምኛ የሆነ ነገር እያለች ታባብላታለች። ለማንኳኳት እጄን አነሣሁ። ትንሽ አዳምጬ ሳላንኳኳ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።